ማንም «ይጠረዝ» ያላለው ጽሑፍ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወንድሜ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ የሴት ልጁን የመመረቂያ ጽሑፍ አራት ገጽ ሰረዘ። እኔ በሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጫማዬን እያሰርኩ ስለነበር አላየሁትም፤ የሰማሁት የብዕሩን ድምፅ ነው። ቀይ ብዕር ከገጽ ጥግ እስከ ገጽ ጥግ ሲሄድ የሚያወጣውን ድምፅ ከሌላ ድምፅ ጋር አላምታታውም። ማተሚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ እሱ አራሚ፣ እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ የማነብለት ረዳቱ ነበርኩ። አራት ጭረት፤ ከዚያ ዳር ላይ ጥቂት ቃላት፤ ከዚያ ዳቦ። ልጅቷ ፀጉሯን እየጠቀለለች ከክፍሏ ወጣች። ወረቀቱን አየች፣ አባቷን አየች፣ እኔን አየች። «አባዬ፣ ለምን?» አለችው። «ከሥራው ጋር አይሄድም» አላትና ስኳር ጨመረ። ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ማማሰሉን አላቆመም። ጽሑፉ የሚገባበት የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የኮሌጁ መዝገብ ቤት መስኮት ይዘጋል።

እናቷ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት ሦስት ነን፤ ወንድሜ ሳያየው የሚወጣ ጽሑፍ ደግሞ የለም። የሥራ ማመልከቻ፣ የሐዘን መግለጫ፣ ለውኃ ቆጣሪ አንባቢው በር ላይ የምንለጥፋት ብጣሽ ሳትቀር በእሱ ብዕር ታልፋለች። ማተሚያ ቤት ሳለ በአንደኛው ገጽ ራስ ላይ «ይታተም» ብሎ ይፈርም ነበር፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ ቤት ውስጥ «ይሂድ» ማለት ጀመረ። አንድ ቀን የገበያ ዝርዝሬን ወስዶ ድግግሞሹን አወጣና አናቱ ላይ «ይሂድ» ብሎ ፈረመበት። ሽንኩርት ሻጯ ወረቀቱን አይታ «ይሂድ የተባለው ማነው፣ የሚመጣ ሰው አለ እንዴ?» ስትለኝ ሽንኩርቴን ተቀብዬ ሄድኩ። እንዲህ እየሆነ ነው እንግዲህ ልጅቷም ትናንት ማታ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ከልማድ ብቻ ጽሑፏን ከትራሱ አጠገብ ያስቀመጠችለት። ስለ ምን እንደጻፈች ለሚያውቅ ይሄ ራሱ ያስቃል።

የጻፈችው ስለ ሰውዬው ነው። ሰውዬው የምንለው ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የሞተ አንድ እንግሊዛዊ ባለቅኔ ሲሆን፣ ላለፉት ሁለት ዓመታት እኛ ቤት በነጻ ተከራይቷል ማለት ይቻላል። እራት ላይ ስለ እሱ ነው የሚወራው። ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ሴት ልጆቹ በማያውቁት ቋንቋ ሳይቀር እንዲያነቡለት ያስገድዳቸው ነበር ይባላል ብላ ስትነግረን ወንድሜ «አባት ማለት እንዲህ ነው» ብሎ አንድ ሳምንት ሙሉ ደስ ብሎት ሰነበተ። የጽሑፏ ፍሬ ነገር ግን ሌላ ነው። ሰውዬው ዓይኑ ደኅና ሳለ ለአገሩ ምክር ቤት ረጅም ሙግት ጽፏል፤ መጽሐፍ ጥፋት ካለበት ወጥቶ ይጠየቅ እንጂ ገና ሳይታተም በመርማሪ ብዕር አይታነቅ የሚል። ልጅቷም ይህን ሙግት ይዛ ወደ ዛሬ መጣች። ሰው በስልኩ የሚጽፈውን ማን ይየው፣ ማን ያጥፋው፣ የሚጠፋውስ ከወጣ በኋላ ነው ወይስ ሳይወጣ እያሉ በሬዲዮና በየታክሲው የሚከራከሩት ሰዎች ከሰውዬው ምን ይማራሉ፣ ሰውዬውስ የት ላይ ይወድቅባቸዋል ነው ጥያቄዋ። አትሸፋፍንለትም። ነጻነቱን ለማን እንደነፈገ፣ ማንን ከቁጥር እንዳላስገባ አንድ በአንድ ጽፋበታለች። እኔ በበኩሌ ወድጄው ነበር። ፈጣሪ ለሰው ማስተዋልን የሰጠው በሌላ ሰው አእምሮ እንዲኖር አይደለም ማለቱ ከጸሎቴ ጋር አልተጣላብኝም።

አብረን ወጣን። እሷ የማስገቢያ ቅጹን አማካሪዋን ለማስፈረም ወደ ኮሌጁ ነው የምትሄደው፤ እኔ ወደ መጠረዣ ቤቴ። መንገዱ ዳር ስንደርስ ለመዝገብ ቤቱ የሚጠረዙትን ሦስት ቅጂዎች ከነፌስታሉ ደረቴ ላይ አሳቀፈችኝ። የአባቷ ቀይ ብዕር ያለበት አራተኛው ቅጂ ከላይ ተደርቧል።

«አክስቴ፣ አንቺ ወስኚ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አራቱ ገጾች ይግቡ አይግቡ። እኔ ካስገባኋቸው ከአባዬ ጋር ዕድሜ ልካችን ተጣላን ማለት ነው። ካወጣኋቸው ደግሞ ከራሴ ጋር። አንቺን ግን ምንም አይልሽም።»

«ስለ ነጻነት መቶ አሥራ ስምንት ገጽ የጻፍሽው ልጅ አንቺ ነሽ?»

«ሰውዬው ነው ደፋሩ፣ እኔ ተመራማሪ ነኝ» አለችና ታክሲ ውስጥ ዘላ ገባች። በመስኮቱ እየሳቀች ነበር፤ ዓይኖቿ ግን ቀልተዋል።

መጠረዣ ቤቴ አንድ በር ናት። በአንድ ወገን የፎቶ ኮፒ ሱቅ፣ በሌላው ወገን የሰዓት ጠጋኝ አለ። ውስጧ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት መጭመቂያ፣ ወስፌ፣ በሰም የታሸ ክር፣ የሙጫ ጣሳ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈ ካርቶን፣ ከዚያ ደግሞ ጥቅል ጥቅል ጨርቅ፣ ጥቁርና ሰማያዊ፤ ሰማያዊው ዘንድሮ በሜትር በሠላሳ ብር ጨምሯል። የእኔን ቤት ከሌላው የሚለያት አንድ ልማድ አለ፤ ሰፈሩም ይስቅብኛል። አንደኛው ገጽ ላይ «ይጠረዝ» ተብሎ ካልተፈረመ አልጠርዝም። ተማሪ ይሁን ነጋዴ፣ የደረሰኝ ጥራዝም ቢሆን፣ በእርሳስ «ይጠረዝ» ብሎ ይፈርማል። ላጲሱንም እዚያው አኖራለሁ፤ ከጠረዝኩ በኋላ አጠፋላቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው ሲኖር «ለጥንቃቄ» እላለሁ። እውነቱ ግን እጄ እንደዚያ ተምሮ ነው፤ ማተሚያ ቤት የወንድሜ ፊርማ የሌለበት ወረቀት ወደ መጠረዣው ክፍል ወርዶ አያውቅም።

ጸሎቴን አድርሼ ክሩን በሰም ካሸሁ በኋላ የመጀመሪያውን ቅጂ ገለጥኩ። ፊርማ የለም። ሁለተኛውን ገለጥኩ። ያው ነው። ወስፌውን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። የጠረጴዛውን አቧራ ጠረግሁ፤ አቧራ አልነበረበትም። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። ሙጫው በመጭመቂያው ውስጥ እንዲደርቅ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል፤ ስለዚህ እስከ ሰባት ካልጫንኩት ልጅቷ ዘንድሮ አትመረቅም። ይህን እያወቅሁ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ወንድሜ በቀዩ ቅጂ ላይ «ይውጣ፤ የገጽ ቁጥሩ ይስተካከል» ብሏል፤ ይሄም እንደ ፊርማ ነው። አራቱን ገጽ አውጥቼ ብገላገል ማንም አይወቅሰኝም። ብቻ የማወጣውን ነገር ሳላነብ ማውጣት ነውር መሰለኝ።

እኔ በዓይኔ ብቻ ማንበብ አልችልም። ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ማተሚያ ቤት ነው፤ ማንበብም የተማርኩት ለሰው ጆሮ ነው። ጮክ ብዬ፣ ነጠላ ሰረዙንና አራት ነጥቡን ሳይቀር እየጠራሁ ካላነበብኩ አይገባኝም። «በአንድ የማውቀው ቤት አንድ አባወራ አለ አራት ነጥብ» ብዬ ስጀምር የፎቶ ኮፒዋ ጎረቤቴ አንገቷን አስገባች። «ማነው ደግሞ ባልየው?» አለች። አላቆምኩም። አባወራው የቤቱን ደብዳቤ ሁሉ ይመረምራል ይላል ጽሑፉ። ሴት ልጁ የመጨረሻውን የትምህርት ቤት ካርዷን ይዛ ስትመጣ ከውጤቷ በፊት የርእሰ መምህሩን ስህተት አርሟል። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ደግሞ አንድ የክፍል ጓደኛዋ የላከላትን የፍቅር ደብዳቤ ድግግሞሹን አውጥቶ፣ ሁለት አንቀጽ ሰርዞ፣ ከግርጌው «ተስተካክሎ ይቅረብ» ብሎ ለላኪው መለሰለት። ላኪውም በሦስተኛው ቀን በንጹሕ ገልብጦ አቀረበ። እዚህ ላይ ስደርስ ሱቄ ሞልቷል። ሰዓት ጠጋኙ ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንዳደረገ፣ ሁለት ተማሪዎች፣ አንዲት ፎቶ ልትነሳ የወጣች ሴት። የፎቶ ኮፒዋ ጠረጴዛዬን ተደግፋ እያለቀሰች ትስቃለች። «ልጁንስ አገባችው?» ይላል ሰዓት ጠጋኙ። «ጽሑፉ ሲስተካከል ፍቅሩ አለቀ አራት ነጥብ» ብዬ አነበብኩ፤ እኔም አላስቻለኝም፣ ሳቁ ከሆዴ ነው የወጣው። ነገሩን ሁሉ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን አልሳቅሁም ነበር።

አራተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ። «በዚያ ቤት ሌላም ሰው አለ። ሁሉን ይሰማል፣ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ አንድም ቀን ግን ‹ተው› ብሎ አያውቅም። መርማሪን መርማሪ የሚያደርገው ብዕሩ ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ ዝም የሚለው ሰውም ነው።» ነጥቡንም ሰረዙንም ሳልጠራ ነው ያነበብኩት። «ይሄኛው ደግሞ ምንድነው፣ የቤት ዕቃ ነው?» አለች የፎቶ ኮፒዋ፤ ተሳቀ። እኔ ወረቀቱን በጥንቃቄ ከቦታው መለስኩና «በሉ ሥራ አለኝ» ብዬ ሁሉንም አስወጣኋቸው። ብቻዬን ስሆን ፊቴ እሳት ሆኖ ነበር። ደግሞ ከንዴቱ ሥር ሌላ ነገር ይኮረኩረኝ ጀመር። እስካሁን ገጾቹ የወንድሜና የልጁ ጉዳይ ነበሩ። አሁን ግን ካወጣኋቸው የማወጣው ራሴን ነው። ለራሴ ስል ከማወጣ ደግሞ ሦስቱንም ቅጂ ብበላቸው ይሻለኛል። «ጌታዬ፣ ይቅር በለኝ» አልኩና ወስፌውን አንስቼ የመጀመሪያውን ቀዳዳ በሳሁ። ፊርማ የሌለው ወረቀት እንደማንኛውም ወረቀት ነው የሚበሳው። ሁለተኛውን ስበሳ እያንጎራጎርኩ ነበር። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ሦስቱንም ሰፍቼ፣ ጀርባቸውን በሙጫ ቀብቼ፣ ካርቶንና ሰማያዊ ጨርቅ አልብሼ መጭመቂያው ውስጥ አስገባሁና መዘውሩን እስኪያቃስት ድረስ አጠበቅሁት።

ወንድሜ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ኮት ለብሷል፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ደንበኛ በሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ቁጥሩን አስተካከልሽ?»

«አላስተካከልኩም። ገጾቹ ገብተዋል፣ ጋሼ።»

መጭመቂያውን አየው። እኔ የሙጫ ብሩሼን ማጠብ ጀመርኩ። 

«አንብበሽዋል?»

«ጮክ ብዬ።»

«ሰው ሰማ?»

«አምስት ሰው።»

«ሳቁ?»

«ደብዳቤው ላይ።»

«ደብዳቤው ላይ እኔም ስቄያለሁ» አለ። «ዳቦው ትን ሊለኝ ነበር።»

ብሩሹን አስቀመጥኩ። «ታዲያ ለምን ሰረዝከው?» አልኩት። ‹ለምን› የሚለውን ቃል ለወንድሜ ተናግሬው አላውቅም፤ እሱም ከእኔ አፍ ሰምቶት አያውቅምና ጥያቄው የተጠየቀው ሌላ ሰው ይመስል ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ባርኔጣውን እያሽከረከረ መናገር ጀመረ። «ሰውዬውን እንዴት አድርጋ እንደያዘችው አይተሻል? ዘመኑን፣ ሹመቱን፣ የተቀመጠባትን ወንበር ሳይቀር አስቀምጣለታለች። የግርጌ ማስታወሻው ላይ ምን አገኘሁ መሰለሽ? ያን ሁሉ ከተሟገተ በኋላ እሱ ራሱ ሹመት አገኘና ጋዜጣ ከመታተሙ በፊት እያነበበ የሚያሳልፍ ሆነ። የእኔ ወንበር ላይ፣ ይታይሽ፣ የእኔ ወንበር ላይ!» እንዲህ ሲል ፊቱ የልጅ ፊት ሆነ። «ለእሱ ስሙን ጠርታ ትነግረዋለች። እኔ ጋ ስትደርስ ‹አንድ ቤት›፣ ‹አንድ አባወራ›። ምነው፣ እኔ ስም የለኝም? በስሜ ትክሰሰኝ እንጂ። መሰረዝ ያለበት የፈራ ጽሑፍ ነው።»

«እንዲህ ብለህ አትነግራትም ነበር?»

«እኔ ከመቼ ወዲህ ነው ምክንያት የምጽፈው? ይውጣ ነው የምለው» አለኝ፤ ይህን ሲል ራሱን ሰማ መሰለኝ። ቀጥሎ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። እየሳቀ ነው። እኔም በርጩማው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ሙጫ በሙጫ ሆነን ሳቅን፤ የፎቶ ኮፒዋም በግድግዳው በኩል «እናንተ፣ እኔንም ጥሩኝ እንጂ» ስትል ይሰማ ነበር።

ሳቁ ሲያልቅ ጭንቁ መጣ። ወንድሜ ጥራዞቹ ተፈትተው ገጾቹ እንደገና ይጻፉ አለ። አይፈታም አልኩት፤ እርጥብ ሙጫ ከተነካ ሦስቱም ይበላሻሉ። በመጭመቂያው ዙሪያ ሦስት ጊዜ ዞረ። በሕይወቱ ሙሉ ወረቀት እሱን ሲጠብቅ ነው የኖረው፤ እሱ ወረቀት ሲጠብቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። በመጨረሻ ቆመና በሹክሹክታ «የእርማት ወረቀት» አለ። መጽሐፍ ከተጠረዘ በኋላ ስህተት ሲገኝ በብጣሽ ተጽፎ የሚለጠፈው ነው። ለአራሚ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም፤ ሰው ሱሪውን ሳይታጠቅ አደባባይ ወጣ እንደማለት ነው። ነጭ ወረቀት ቆረጥኩለት። ቀዩን ብዕር አወጣና ሦስት ጊዜ፣ አንዱን ከአንዱ ፊደል ሳያዛንፍ፣ ይህን ጻፈ፦ «እርማት። በገጽ ፷፬ ‹አንድ አባወራ› የተባለው ‹አባቴ› ተብሎ ይነበብ።»

ልጅቷ አሥር ሰዓት ላይ እያለከለከች ስትገባ መዘውሩን እያላላሁ ነበር። አባቷን ስታይ በሩ ላይ ቀረች። እሱም ምንም ሳይል አንዱን ብጣሽ ሰጣት። አንዴ አነበበችው። ከዚያ ደግማ አነበበችው። «አባዬ፣ ይሄ…» ብላ አልጨረሰችውም። «ጽሑፉ ያንቺ ነው» አላት። «ይግባ ካልሽ ይገባል፤ አይግባ ካልሽም አልጠይቅሽም።» እኔ የምትቃወመው መስሎኝ ነበር። እጇን ዘረጋች፤ ቀዩን ብዕር ጠየቀችው። አመነታ፤ ግን ሰጣት። ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍታ በሦስቱም ብጣሽ ላይ ከእሱ ጽሑፍ ሥር የራሷን አንድ መስመር ጨመረችና ለእኔ አቀበለችኝ። «በገጽ ፷፯ ‹ሌላ ሰው› የተባለው ‹አክስቴ› ተብሎ ይነበብ» ይላል። ቀና ብዬ አየኋት። አገጯን ከፍ አድርጋ እየጠበቀችኝ ነው፤ ፈርታለችም፣ ደፍራለችም። ሙጫ ቀባሁና ሦስቱንም ለጠፍኩ።

ሮጥን። እሷ ሁለቱን ጥራዝ፣ እኔ አንዱን፣ ወንድሜ ባርኔጣውን ይዘን። ኮሌጁ መዝገብ ቤት ስንደርስ ለአሥራ አንድ አሥር ደቂቃ ይቀረዋል፤ ከመስኮቱ ፊት አሥራ ምናምን ሰው ተሰልፏል፤ ወንድሜ በወረፋው መሐል ለሚያገኘው ሁሉ ይቅርታ እየጠየቀ ያልበው ነበር። ተራችን ሲደርስ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የአማካሪውን ፊርማ አየች፣ ጥራዙን አገላበጠች፣ ብጣሿ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ይሄ ምንድነው?» አለች። «እርማት ነው» አለች ልጅቷ። ሠራተኛዋ መነጽሯን አስተካክላ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ አነበበችው፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የኔ እናት፣ አባትሽ ያውቃሉ?» አለቻት።

ወንድሜ ከኋላችን እንደ ተማሪ ጣቱን አወጣ። «አባትየው እኔ ነኝ» አለ። ሁሉም ዞሮ አየው። ኮቱን አስተካከለና፣ ከኋላው ለቆመውም ሰው እንዳይቀርበት ብሎ፣ «ስልሳ አራት ላይ ነው ያለሁት፤ እስከ ስልሳ ስድስት ግርጌ እኔ ነኝ» ሲል አስረዳ።

ሠራተኛዋ ማኅተሟን ሦስት ጊዜ መታች። ሦስተኛውን ጥራዝ መደርደሪያው ላይ ስታስቀምጥ ግን እንደገና ወደ መስኮቱ ዞረች። «አክስትየዋስ?» አለች።

«ስልሳ ሰባት» አልኩ። እንደዚያ የሚጮህ አልመሰለኝም ነበር፤ ድምፄ ወረፋውን አልፎ እስከ በሩ ድረስ ደረሰ።